ኪቦርዱን ማን ያሳርጋል?

አባቴ ድምፃቸውን ከማጣታቸው ከብዙ ዓመት በፊት እኔ ዘንድ አስቀምጠውት ነበር። ያስቀመጡት ካሴት ላይ አይደለም፤ ሠርግ የምጫወትበት ኪቦርድ ውስጥ ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። እኔም ድሮ እስቅ ነበር፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን አላሳቀኝም።

ኪቦርዱ እንደ ሌላው ኪቦርድ አይደለም። ሌላው ፋብሪካ የሞላለትን ድምፅ ያወጣል። ይሄኛው ማይክ ከተሰካለት የሰማውን ይይዛል፤ የያዘውን ደግሞ በየቁልፉ ላይ ዘርግቶ፣ ቀጭንም ወፍራምም አድርጎ መልሶ ይሰጣል። ሳምፕለር ይሉታል። አንድ ጊዜ መሸንቲ ከተማ አንድ ሠርግ ላይ፣ ከድንኳኑ ጀርባ ለእርድ የታሰረች ፍየል ስትጮህ ቀዳኋትና ሙሽራውን በፍየል ድምፅ አስገባሁት። ሠርገኛው በሳቅ ሞተ። አንዲት እናት ብቻ አማትበው ወንበራቸውን ከስፒከሩ አራቁ። ዕቃው ከመኪና ጣሪያ ሲወርድ ሁለት ወንድ ይጠራ ነበር፤ እኔ ግን ብቻዬን እሸከመው ነበር፤ እልኸኛ ነኝ፣ አልክድም።

አባቴ የዜማ መምህር ናቸው። ከጣና ዳር ካሉት ደብሮች በአንዱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያስተምሩ ኖረዋል። እኔ ያደግኩት ከጉባኤ ቤቱ አጥር ጀርባ ነው። ወንዶቹ ውስጥ ተቀምጠው ይማራሉ፤ እኔ ውጭ ልብስ እያሰጣሁ እማራለሁ። ማንም አልከለከለኝም፤ ማንም ደግሞ ከተማሪ አልቆጠረኝም። ስሙ የማይጠራ ተማሪ ተሳሳትክ ስለማይባል፣ የተማርኩት ልክ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ልጃቸው በየሠርጉ ኪቦርድ የምትጫወት መሆኗን የሰሙ ጊዜ ሦስት ወር አኮረፉኝ። በአራተኛው ወር ግን፣ "እስቲ ያ ዕቃሽ ምን እንደሚል ልየው" ብለው ራሳቸው መጡ። ፍየሏን አሰማኋቸው። ሳቃቸውን ለመደበቅ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ሲጎትቱ አይቻለሁ። እኔም ያን ዕለት፣ ዜማቸውን ልቅዳው ብዬ ለመንኳቸው።

ካሴት ላይ እንደማይቀረጹ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ የሌላ መምህር ዜማ ሚኒባስ ውስጥ፣ ረዳቱ "ጢስ ዓባይ! ጢስ ዓባይ!" እያለ ከሚጮኸው ጋር ተደባልቆ ሲወጣ ሰምተው፣ ከመኪናው ወርደው የቀረውን መንገድ በእግራቸው ነው የገቡት። ስለዚህ ለኪቦርዱም መጀመሪያ የጠየቁት እሱኑ ነበር።

"ከዚህ ውስጥ ሰው አውጥቶ ሊወስደው ይችላል?" አሉኝ።

"አይችልም አባቴ። እዚሁ ይቀራል።"

"ቃልሽ ነው?"

"ቃሌ ነው።"

"እንግዲያ ይሁን" አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

በሳምንቱ ውስጥ በቁራጭ በቁራጭ ቀዳኋቸው፤ ኪቦርዱ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነውና። እያንዳንዱን ቁራጭ ከኪቦርዱ ጀርባ በወፍራም ኬብል የሚያያዝ፣ የጫማ ካርቶን የሚያህል የሃርድ ዲስክ ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩ። ከሁሉም የምትበልጠው አንዲት ቦታ ነበረች። የጾም ወራት ዜማ ውስጥ ድምፁ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል የሚመለስባት ቦታ ናት። ሌሎች መሪጌቶች እዚያ ሲደርሱ በቀጥታ ይወርዳሉ። አባቴ ግን ከመምህራቸው የተማሩት ሌላ ነው፤ ላይ ቆም ይላሉ፣ የሚወድቁ ይመስላሉ፣ ከዚያ ዞር ብለው ይወርዳሉ። "መዞሪያዋ" ይሏታል። በዚህ አገር ከአባቴ ሌላ የሚያወርዳት ሰው አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ኃጢአት አለብኝ። ቦታው ሲደርስ እናገራለሁ።

ዓመታት አለፉ። ባሕር ዳር አንድ ኮሌጅ የሙዚቃ መምህርነት አገኘሁ፤ ሠርግ መዞር ተውኩ፤ ኪቦርዱም ከነሣጥኑ ቁም ሣጥን ላይ ወጣ። ያን ሰሞን ቤት ስቀይር ዕቃውን ያስቀመጥኩት እኔ ራሴ ነኝ፤ ኬብሉን ፈታሁ፣ ሣጥኑን ጠቀለልኩ፣ ትርፍራፊውን ጠራርጌ ጣልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ እንዳፈሰስኩ እንኳ አላወቅኩም ነበር።

ያለፈው ዓመት አባቴ ጉሮሯቸውን ታመሙ። ሐኪሞቹ ቀደው ሕይወታቸውን አተረፉልኝ፤ ድምፃቸውን ግን ማትረፍ አልቻሉም። የቀራቸው ሹክሹክታ ነው። ባሕር ዳር ግሽ አባይ ሰፈር ያለው ቤቴ አምጥቼ አስቀመጥኳቸው። ከሳሎኑ መስኮት ሥር ወንበራቸው አለ፤ ከወንበሩ አጠገብ አትሮንሳቸው፣ ከአትሮንሱ ላይ መጽሐፋቸው፣ ከመጽሐፉ ላይ ደግሞ ከሐይቁ የሚመጣው ንፋስ ገጹን እንዳይገለብጥባቸው የሚጭኗት አውራ ጣት የምታህል ብረት። ከየት እንዳመጧት ጠይቄ አላውቅም።

ተማሪዎቻቸው አልተዉአቸውም። ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ሆነው በጀልባ ተሻግረው ይመጣሉ። ዋናው ተማሪ ሚስትና ልጆች ያሉት፣ ጺሙ የረዘመ ትልቅ ሰው ነው፤ ወንበሩን የሚወርሰውም እሱ ነው። ሁሉን ያውቃል፤ መዞሪያዋን ብቻ አያውቃትም። ሊማራት ሲቃረብ የኔታው ታመሙ። እሱ እያዜመ እዚያች ቦታ ሲደርስ አባቴ በመቋሚያቸው ወለሉን ይመታሉ። አይደለም ማለታቸው ነው። ይደግማል። ይመታሉ። እንዴት እንደሆነ ማሳየት ደግሞ አይችሉም። በእጃቸው አየር ላይ ሊስሉለት ይሞክራሉ፤ ዜማ ግን በእጅ አይሣልም።

አንድ ቅዳሜ ትዕግሥቴ አለቀና ከጓዳ ሆኜ እኔው አዜምኳት። ከአጥር ጀርባ የሰማኋትን፣ እንዳለች። በር ላይ ብቅ ስል አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ዘፈን አደረግሽው" አሉኝ።

ተናደድኩ። ተመልሼ ጓዳ ገባሁና ድስቱን ሁሉ ያለ ሥራው አንኳኳሁት። ተማሪዎቹ ከሄዱ በኋላ ግን ስወጣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ አገኘኋቸው። ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

"መዞሪያዋ ከእኔ ጋር ልትሄድ ነው" አሉ በሹክሹክታ። "መምህሬን ሁለተኛ ቀበርኋቸው።"

በነጋታው ኪቦርዱን ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረድኩ። አሁንም ብቻዬን ነበር ያወረድኩት፤ ወገቤ ግን ነገረኝ። ስሰካው ስክሪኑ አረንጓዴ በራና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ ዲስክ አስገቢ። ይህ ኪቦርድ ሲጠፋ ራሱን የሚረሳ ፍጥረት ነው። በተከፈተ ቁጥር ሲስተሙን፣ ማለትም መነሻ ትእዛዙን፣ ፍሎፒ ከሚሉት ስስ ዲስክ ማንበብ አለበት፤ አለዚያ ፍየልም አባቴም ለእሱ አንድ ናቸው፣ አያውቃቸውም። ፍሎፒዎቹን ከማስቀመጫቸው ሳወጣ የሐይቁ እርጥበት ሻጋታ አብቅሎባቸዋል። ሁሉንም ሞከርኩ። አንዱም አልተነበበም። ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ማንበብ የሚችለው ኪቦርዱ ብቻ፣ ኪቦርዱን መቀስቀስ የሚችለው የሻገተ ፍሎፒ ብቻ። "ከዚህ ውስጥ ሰው ሊያወጣው አይችልም" ብዬ የገባሁት ቃል ከገባሁት በላይ እውነት ሆኖ ቁጭ አለ።

ሰኞ ዕለት ይህን ሁሉ ለኮሌጁ የኮምፒውተር ባለሙያ ነገርኳት። የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ ለሥራ መጥታ ባሕር ዳር ቀርታለች። ለአለቃም ለዘበኛም "አንተ" ነው የምትለው፤ ለአባቴ ብቻ "እርስዎ" ትላለች፣ እሱንም እየረሳች። በእርጅና ቢጫ የሆነውን የኪቦርዱን መመሪያ ሁለት ቀን ወስዳ አነበበችውና ረቡዕ ቢሮዬ ገባች።

"አቦ ቲቸር፣ ይሄ ነገር ፍሎፒ ብቻ አይደለም የሚበላው። ሣጥኑ በሚያያዝበት በዚያው ወፍራም ኬብል ከኮምፒውተር ዲስክ ላይም ሲስተሙን ማንበብ ይችላል። ሲስተሙን ኢንተርኔት ላይ አግኝቼዋለሁ።"

"በላፕቶፔ ይሆናል?"

"የአንቺ ላፕቶፕ ይሄን ኬብል በሕልሙም አያውቀውም። አሮጌ ነው የሚያስፈልገን፤ በጣም አሮጌ።"

አሮጌ ዕቃ ፈልገን የምናጣ ሰዎች አይደለንም። ከኮሌጁ ንብረት ክፍል፣ ሊወገዱ ከተደረደሩት መሃል፣ ያ ወፍራም ኬብል የሚሰካበት ካርድ ያለው፣ ውስጡም በዚያው ካርድ የሚሠራ ዲስክ የያዘ አንድ ዴስክቶፕ ተገኘ። የሚጣል ዕቃ ለመዋስ የተፈረመው ፊርማ፣ አዲስ ቢሆን ኖሮ ከሚፈረመው ይበልጣል። ሐሙስ በባጃጅ ጭነን ቤቴ አስገባነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሳሎኑ ውስጥ ሦስቱን ደረደርናቸው፤ ዴስክቶፑ፣ ከእሱ ቀጥሎ ኪቦርዱ፣ ከኪቦርዱ ቀጥሎ የዲስኩ ሣጥን። ኬብሉ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተቀባበለ ይሄዳል። ተማሪዎቹ ከእኩለ ቀን በፊት አይደርሱም። አባቴ ከወንበራቸው ሆነው፣ መጽሐፋቸውን ከፍተው፣ ግን ገጹን ሳይሆን እኛን እያዩ ነበር።

አበራነው። ምንም የለም። ኪቦርዱ አሁንም ዲስክ ይጠይቃል።

ባለሙያዋ መሬት ላይ በሆዷ ተኝታ የሣጥኑን ጀርባ ተመለከተች። በዚህ ኬብል ላይ ያለ ሁሉ የየራሱ ቁጥር ሊኖረው ይገባል፤ ሲጠራ የሚመልሰው በቁጥሩ ነው። የኮምፒውተሩ ዲስክም ሣጥኑም ዜሮ ቁጥር ይዘው ነበር። "ሁለቱም አንድ ላይ 'አቤት' ይላሉ፤ ማን እንደሆነ አይለይም" አለችና በእስክሪብቶ ጫፍ የሣጥኑን ቁጥር ወደ ሦስት ቀየረችው።

አጠፋን፤ አበራን። ስክሪኑ ትንሽ አሰበና የራሱን ስም ጻፈ። ከብዙ ዓመት በኋላ ራሱን አወቀ! እልል አልኩ። ጎረቤት "ምን ተገኘ?" ብላ በአጥር ላይ አንገቷን አሰገገች።

እልልታዬ ግን ቀድሞ ነበር የወጣው። ኪቦርዱ ሣጥኑን ሲፈልግ ያገኘዋል፤ ሊያነብ ሲጀምር ያጣዋል። እንደገና ያገኘዋል፤ እንደገና ያጣዋል። አንዴ የቁራጮቹን ስም ዝርዝር አወጣልኝና በዓይኔ አየሁት፤ ከዚያ ዝርዝሩ ከነስሙ ጠፋ። አሥር ጊዜ ሞከርን። ሣጥኑ ውስጥ የሆነ ነገር ጠቅ ጠቅ ይል ጀመር።

ባለሙያዋ እጇን ከዕቃው ላይ አነሳች። ቀልድ የለም ፊቷ ላይ። "ቲቸር፣ ዲስኩ እየሞተ ሊሆን ይችላል። በነካካነው ቁጥር ልንጨርሰው እንችላለን። ቢቀርስ?"

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ። ያን ሁሉ ዓመት ቁም ሣጥን ላይ ሲቀመጥ አንድ ቀን አውርጄ አላየሁትም፤ አሁን ነው የምጮኸው። አባቴን ቀና ብዬ ለማየት አፈርኩ።

እሳቸው ግን ወደ ፊት ጎንበስ ብለው፣ ባለሙያዋን በጣታቸው ጠሩ። "ልጄ፣ ምንድን ነው ያቃተው? በሚገባኝ ንገሪኝ" አሉ።

ለእሳቸው እንዲገባ አድርጋ ነገረቻቸው። ሦስቱ እንደ ካህናት በሰልፍ እንደቆሙ፣ ቃሉ ከአንዱ ወደ አንዱ እንደሚተላለፍ፣ እያንዳንዱ ቁጥሩ ሲጠራ እንደሚቀበል። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

"የሚመራው ማነው?"

"ይሄ ኮምፒውተሩ፣ አባባ።"

"የሚቀበለውስ?"

"ኪቦርዱና ሣጥኑ።"

"የሚያሳርገው?"

ባለሙያዋ ወደ እኔ ዞረች። እኛ አገር ሰንበቴ ይሁን ዕድር፣ እርቅ ይሁን ሠርግ፣ ከመካከል ትልቁ ሰው ተነሥቶ ጸሎቱን ካላሳረገ ማንም ከቦታው አይነሣም። ካላሳረጉት ጉባኤው አላለቀም፤ ወሬው ከጫፍ ወደ መካከል እየተመለሰ ሁሉም አንድ ላይ ሲያወራ ይመሻል።

"ሰልፉ ጫፍ የለውም እኮ" አሉ አባቴ፣ በመቋሚያቸው ወደ ሣጥኑ ባዶ ቀዳዳ እያመለከቱ። "መጨረሻው ክፍት ነው። የሚያሳርግ በሌለበት ቃሉ የት ይቆማል?"

ባለሙያዋ ግንባሯን በመዳፏ መታች። "ወይኔ! ቲቸር፣ እዚህ ቀዳዳ ላይ የሚሰካ አጭር ነገር አልነበረም? ኬብል የሌለው፣ ክዳን የሚመስል? ምልክቱ ጫፍ ሲደርስ የሚያስቆመው እሱ ነው። እሱ ከሌለ ምልክቱ ተመልሶ ከሚመጣው ጋር ይጋጫል። ዲስኩ አልሞተም ማለት ነው!"

ነበር። ትዝ አለኝ። ኬብል የማይወጣበት፣ ምንም የማይሠራ የሚመስል ብረት ነበር። ቤት ስቀይር የአቧራ ክዳን መስሎኝ ከሣጥኑ ነቅዬ ከቆሻሻው ጋር ጠረግኩት። በገዛ እጄ ጣልኩት።

"ጣልኩት" አልኩ። ድምፄ እንደ አባቴ ሹክሹክታ ሆኖ ወጣ።

የአባቴ እጅ ቀስ ብሎ አትሮንሱ ላይ ሄደና ገጹ ላይ የተጫነችውን ብረት አነሣት። ዘረጉልኝ።

"ቤት ስትቀይሪ ልጠይቅሽ መጥቼ፣ ይችን ከጠረግሽው መካከል አነሣኋት። ከባድ ናት፤ ለገጼ ትሆናለች አልሁ።"

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለካ በእኛ ቤት ነው! ስንት ጊዜ አንሥቼ አቧራ ጠርጌ መልሼ አስቀምጫታለሁ። ባለሙያዋ ከእጄ ነጥቃ አገላበጠቻትና ሳቋ አመለጣት። አፏ በሙሉ በጧፍ ሰም ተደፍኗል። አባቴ በጧፍ ብርሃን ሲያነቡ የኖሩበት ዘመን ሁሉ እዚያች ብረት ውስጥ ተንጠባጥቧል። ሰሙን በመርፌ ጫረች፣ በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ አጠበቻት፣ መስኮት ላይ አደረቀቻት። ከዚያ እኔው እንድሰካት ሰጠችኝ።

ሰካኋት። አበራን። የቁራጮቹ ስም ዝርዝር መጣ፤ ቆመም። አንድ ደቂቃ ጠበቅን፤ ሁለት ደቂቃ ጠበቅን። ጠቅታው የለም። ሣጥኑ እንደ ጠገበ ሕፃን ጸጥ ብሏል።

"መጀመሪያ ሁሉንም ወደ ኮምፒውተሩ እንገልብጠው" አለች ባለሙያዋ፤ "ከዚያ ወደ ፍላሽ። እንደገና በአንድ ሣጥን አናምንም።"

ያኔ ቃሌ ትዝ አለኝ። አባቴ እግር ሥር ተንበረከክኩ።

"አባቴ፣ ከዚህ ውስጥ አይወጣም ብዬዎት ነበር። አሁን ላወጣው ነው።"

"ቃሉን የተቀበልሁ እኔ" አሉ። "የምፈታሽም እኔ። አውጪው። ሚኒባስ ውስጥም ቢሆን ይሰማ፤ ከሚጠፋ።"

ግልበጣው ሳያቋርጥ አለቀ። ባለሙያዋ "በይ አንድ ነገር አሰሚን!" አለችኝ። ደስታው አሳብዶኝ የቁራጩን ስም ሳላነብ የመጀመሪያውን ጫንኩና ቁልፉን ነካሁ።

ኃጢአቴ እዚህ ላይ ነው። ያን ጊዜ ከአባቴ ዜማ አንዲት ረጅም ድምፅ ቆርጬ፣ በቁልፎቹ ሁሉ ላይ ዘርግቼ፣ ከበሮ ጨምሬባት ነበር። ከሠርግ ዘፈን ኋላ ሳስገባት ድንኳኑን ትሞላዋለች፤ ሰው ሁሉ "ያ ድምፅ ከየት ነው?" ይለኝ ነበር። ለአባቴ የገባሁትን ቃል አላፈረስኩም ብዬ ራሴን አጽናናለሁ፤ ድምፁ ከኪቦርዱ አልወጣም፣ ኪቦርዱ ነው ሠርግ የወጣው። አሁን ይኸው ከበሮው ደበለቅ ደበለቅ ሲል፣ የአባቴ ድምፅ ከኋላው ሲንሳፈፍ፣ ባለሙያዋ ትከሻዋን ስትሰብቅ፣ በሩ ተከፈተ። አራቱ ተማሪዎች ነጠላቸውን እንዳጣፉ ደጃፉ ላይ ደርቀው ቀሩ።

እጄን ከቁልፉ አነሣሁ። የሚውጠኝ መሬት ፈለግኩ።

"ይህ ድምፅ የማን ነው?" አሉ አባቴ።

"የእርስዎ ነው" አልኩ። "ብዙ ሠርግ ላይ ተጫውቼበታለሁ። ይማሩኝ።"

አባቴ ወደ ዋናው ተማሪ ዞረው፣ "ሰማህ? ያን ሁሉ ሠርግ ጠርታኝ፣ አንድ ጉርሻ ሳልቀምስ መልሳኛለች። 'እንዳያማ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው' ማለት ይህች ናት" አሉ። ትከሻቸው በሳቅ ተርገፈገፈ፤ ድምፅ የለውም እንጂ ያ ሳቅ የድሮው ሳቃቸው ነበር። ተማሪዎቹም ለመሳቅ ፈቃድ ማግኘታቸውን ሲያውቁ ተንከተከቱ።

ቀጥሎ የጫንኩትን ስሙን አንብቤ ነው። ቁልፉን ተጫንኩ። መጀመሪያ አንድ አውራ ዶሮ ሩቅ ጮኸ፤ ዜማው የተቀዳበት የዚያን ቀን ጠዋት አውራ ዶሮ። ከዚያ አባቴ ገቡ።

ሳሎኑን ሞሉት። ተማሪዎቹ ሳይባባሉ ተነሡ። ዋናው ተማሪ መስቀል እንደሚሳለም ሰው ጎንበስ ብሎ ቀረ። እኔ ጣቴን ቁልፉ ላይ እንደያዝኩ አለቀስኩ፤ ብለቀው ድምፁ ይቋረጣልና እንባዬን የምጠርግበት እጅ አልነበረኝም። አባቴ ብቻ አላለቀሱም። ራሳቸውን ዘንበል አድርገው፣ ተማሪ እንደሚሰማ መምህር፣ ቅንድባቸውን ሰብስበው ይሰሙ ነበር። ድምፁ ሽቅብ ወጣ። ቆመ። ዞረ። ወረደ።

መቋሚያው ወለሉን መታ።

"አይደለም" አሉ። "ቸኮልሁ። እሳት ነበርሁ ያኔ።"

የራሳቸውን ድምፅ አረሙ! ባለሙያዋ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ግን የሳምፕለሩን ጥበብ አውቃለሁ። አንድ የተቀዳ ድምፅ የሚገኘው በአንድ ቁልፍ ላይ ብቻ አይደለም፤ ወደ ግራ ዝቅ ባልሽ ቁጥር ድምፁ እየወፈረ፣ እየዘገየ ይሄዳል። ሦስት ቁልፍ ወደ ግራ ሄጄ ተጫንኩ። መዞሪያዋ ተከፈተች። በአንድ ትንፋሽ ታልፍ የነበረችው ነገር ደረጃ ደረጃዋ ታየ፤ ላይ ስትቆም፣ ለመውደቅ ስታሳስት፣ በየት በኩል እንደምትዞር። አባቴ ቀጥ ብለው ተቀመጡና በእጃቸው "ድገሚው" አሉኝ። ደገምኩ። እንደገና። ዋናው ተማሪ ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። በአራተኛው ጣቴን ከቁልፉ ሳነሣ እሱ ቀጠለ፤ ወጣ፣ ቆመ፣ ሳይቸኩል ዞረ፣ ወረደ።

ሁላችንም መቋሚያውን አየነው። አልተንቀሳቀሰም። አባቴ በሁለት እጃቸው አቅፈውት፣ ግንባራቸውን አስደግፈውበት ነበር። ቀና ሲሉ ዓይናቸው እርጥብ ነው።

"መምህሬ ተነሡ" አሉ።

ያን ዕለት አራቱም ተራ በተራ አወረዷት። እኔ ቁልፉን እየተጫንኩ፣ ባለሙያዋ ከማድጋ ጠላ እየቀዳች ዋልን። የመጨረሻው ጀልባ ሰዓት ሲቃረብ ሁሉም ለመሄድ ተነሡና እንደ ልማዱ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው የአባቴን ማሳረጊያ ጠበቁ። አባቴ ጉሮሯቸውን ዳሰሱ። ከዚያ እኔን ተመለከቱ።

"አንቺ አሳርጊ" አሉ።

የተሳሳትኩ መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ። መሪጌታ በቆመበት ሴት አታሳርግም፤ ያውም ሠርግ ስትዞር የኖረች። አባቴ በአገጫቸው ደገሙልኝ። ተነሣሁ፤ ነጠላዬን አጣፋሁና አቡነ ዘበሰማያትን፣ ከአጥር ጀርባ ልብስ እያሰጣሁ በተማርኩት ዜማ፣ ጮክ ብዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወረድኩት። አራቱም ወንዶች "አሜን" አሉ።

ተማሪዎቹ ወጥተው በሩ ሲዘጋ አባቴ እጄን ስበው ጎንበስ እንድል አደረጉኝ። ጆሮዬን አስጠጋሁ።

"ዘፈን አላደረግሽውም" አሉኝ።